ምስክርነት የሰጠሁበት ቅልጥም

በዕድሜዬ ስንት ጊዜ ፎቶ እንደተነሳሁ ብትጠይቁኝ ብዙም አላደክማችሁም። ለመታወቂያ ተነስቻለሁ፤ ለሠርጌ ተነስቻለሁ፤ አንዴ ደግሞ በሰው ሠርግ ላይ ሳላስበው፣ ጉርሻ ጉንጬን ወጥሮት፣ ከሙሽሮቹ ትከሻ ጀርባ ተነስቻለሁ። ሙሽሮቹ ይህንኑ ፎቶ እስከ ዛሬ ሳሎናቸው ውስጥ ሰቅለውታል። የቀኝ እግሬ ነገር ግን ሌላ ነው። ከፊት ተነስቷል፣ ከጎን ተነስቷል፣ አልበቃ ብሎ ቆዳውንና ሥጋውን አልፈው ውስጡን አንስተውታል። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ የተከበረ እግር ነው። ማንን አስቀድሜ ማንን አስከትዬ ማመስገን እንዳለብኝ እስካሁን ግራ እንደገባኝ ነው፤ እናንተው እያነበባችሁ ተራ አስይዙልኝ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ኮምቦልቻ ውስጥ እኔና የስፌት መኪናዬ ገብተንባት ሦስተኛ ሰው ሲመጣ አንዳችን ልንወጣ የሚዳዳን ጠባብ ሱቅ አለችኝ። መኪናዬ በእግር የምትረገጥ ነች። ዲናሞ ግጠምላት፣ ዘመኑ ሌላ ነው የሚሉኝ አሉ። መብራት ሲጠፋ ግን ዲናሞ የገጠሙት እጃቸውን አጣጥፈው በራቸው ላይ ሲቀመጡ እኔ እሰፋለሁ። ስለዚህ ቀኝ እግሬ መሄጃዬ ብቻ አይደለም፣ እንጀራዬም ነው። ይህንን እያወቅሁ ያደረስኩበትን ግፍ አሁን ትሰማላችሁ።

ነገሩ የጀመረው ጤና ጣቢያ ነው። ለሌላ ጉዳይ ሄጄ ነርሷ ደሜን ለካችና ስኳር ገና እንዳልያዘኝ፣ ነገር ግን ደጃፌ ላይ ቆሞ እንደሚያንኳኳ ነገረችኝ። ቀኑን ሙሉ የምቀመጥ ሰው መሆኔን ስትሰማ በየቀኑ ጥቂት በእግሬ እንድሄድ መከረችኝ። ልብ በሉ፣ ያለችው እንድሄድ ነው። እኔ ደግሞ መሄድ ይህን ያህል የሚጠቅም ከሆነ መሮጥማ እጥፍ ይጠቅማል ብዬ በራሴ ሒሳብ አባዛሁት። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሸራ ጫማዬን አጥልቄ አስፋልት ላይ ወጣሁ።

ወጣቶች ሲሮጡ ማንም ዞር ብሎ አያይም። ማሊያ ይለብሳሉ፣ ጆሯቸው ላይ ሙዚቃ ይሰካሉ፣ ሯጭ መሆናቸው ያስታውቃል። ጠና ያለ ሰው በሸሚዝና በጨርቅ ሱሪ፣ አንገቱ ላይ ሜትሩን ረስቶ ሲሮጥ ግን የሆነ ነገር አለ ማለት ነው። ጎረቤቴ ሰይድ ባጃጅ ነጂ ነው። በመጀመሪያው ጠዋት አጠገቤ መጥቶ አቆመና ፊቱ ገርጥቶ ማን እንደሞተ ጠየቀኝ። ማንም እንዳልሞተ፣ ለጤናዬ ብዬ እንደምሮጥ ነገርኩት። አላመነኝም፤ መርዶውን ለእሱ ለመንገር የፈራሁ መስሎት እስከ መናኸሪያው ድረስ በቀስታ ከጎኔ እየነዳ ሸኘኝ። አንዲት እናት ደግሞ የሚቃጠል ቤት ያለ መስሏቸው ባልዲ ይዘው ትንሽ ተከትለውኛል። ይቅርታ ልጠይቃቸው ዞር ስል ደግሞ ባልዲውን ይበልጥ ከፍ አደረጉት።

ሩጫ እንዲህ የሚጣፍጥ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። ሰውነቴ ቀለለኝ፣ ሱሪዬ ሰፋኝ፣ የራሴን ሱሪ ራሴ አጠበብኩ። ሜዳው ሲያንሰኝ ጊዜ ወደ ደሴ የሚወስደውን ዳገት ተያያዝኩት። ሽቅብ እያለከለክሁ እወጣለሁ፣ ቁልቁል በዚያ በስስ ጫማዬ አስፋልቱን ጧ ጧ እያደረግሁ እወርዳለሁ። ከዚያ ተመልሼ ቀኑን ሙሉ በዚያው እግሬ መኪናዬን ስረግጥ እውላለሁ። አጥንት አፍ ቢኖረው ያን ሰሞን ቀበሌ ድረስ ሄዶ ይከሰኝ ነበር።

አፍ ስለሌለው ማመም ጀመረ። ሕመሙ ቅልጥሜ ላይ ነው፤ ቦታው አውራ ጣት ቢጫንበት የሚሸፈን ነው። መጀመሪያ ስሮጥ ብቻ ያመኝ ነበር፤ ከዚያ ስራመድ፣ ከዚያ መኪናዬን ስረግጥ። ባለቤቴ ማርታ ሐኪም ቤት ሂድ አለች። እኔ ጅማት ነው፣ ያልፋል አልኩ። አንዱ በጨው ውኃ ዘፍዝፈው አለኝ፣ አንዱ በዘይት እሸው አለኝ፤ እኔም ማንንም እንዳላስቀይም ሁሉንም አደረግሁ። እግሬ ሊጠበስ የተዘጋጀ ዓሣ መሰለ እንጂ ሕመሙ ወይ ፍንክች።

እዚህ ላይ የማርታን እናት ላስተዋውቃችሁ። እማማ አስካለ የሚኖሩት ደሴ ነው። በጸሎታቸው ደሴም ኮምቦልቻም ያለ ምዕመን ያውቃቸዋል፤ የቸገረው ሁሉ የሚደውለው ለእሳቸው ነው። እኔን ግን፣ ከእናንተ ምን እደብቃለሁ፣ ልጃቸውን ካገባሁ ጀምሮ የሚጠሩኝ «የማርታ ባል» ብለው ነበር። «የማርታ ባል ምሳ በላ?» ይላሉ፣ እኔው ፊታቸው ቁጭ ብዬ። ክፋት የላቸውም፤ ልጃቸው ከልብስ ሰፊ የተሻለ ታገባለች ብለው አስበው ስለነበር ልባቸው እስኪቀበለኝ ጊዜ ወስዶባቸው ነው። ስለ እግሬ ሲሰሙ ግን ወዲያው ወርደው መጡ። ማታ የጸሎት ጓደኞቻቸውን ቤታችን ሰብስበው፣ እጃቸውን ቅልጥሜ ላይ ጭነው፣ እንባቸው እየወረደ ጸለዩልኝ። ለእኔ ለራሴ ያን ያህል የሚያለቅስልኝ ሰው አለ ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ሕመሙ ቢኖርም ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

በማግስቱ ማርታ እጄን ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደችኝና ራጅ ተነሳሁ። ሐኪሙ ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰክቶ ጥሩ አድርጎ አየው።

«ራጁ ላይ የሚታይ ስብራት የለም» አለኝ። «እንዲህ ዓይነት ሕመም ግን ገና ሲጀምር በራጅ ላይታይ ይችላል። ሩጫውን ይተዉ፣ እግርዎን ያሳርፉ፤ ካልተሻለዎት ይመለሱ።»

ሰውዬው የሚገባውን ሁሉ ተናግሯል፤ ምስጉን ሐኪም ነው። ንግግሩን እንደ ጨርቅ ለሁለት የቀደድኩት እኔ ነኝ። «ስብራት የለም» የሚለውን ይዤ ወጣሁ፣ ሌላው ቁርጥራጭ እዚያው ወለሉ ላይ ቀረ።

ታዲያ እኛ ዘንድ ራጅ የሐኪምና የታማሚ ብቻ አይደለም፤ ለጠያቂ ሁሉ የሚቀርብ ነው። ሰው ሊጠይቃችሁ ሲመጣ ገና ሳይቀመጥ «እስቲ ራጁን» ይላል፣ ወደ መስኮቱ ይወስደዋል፣ በብርሃን ያየዋል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል። የእኔም ፊልም ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሰይድ ገልብጦ ይዞት ብዙ ካየው በኋላ ወላሂ ጥሩ እግር ነው፣ አብሽር አለኝ። እማማ አስካለ ግን መስኮቱም አላስፈለጋቸው። ማታ ተጸልዮ ጠዋት ስብራት አልተገኘም፤ ከዚህ ወዲያ ምን ይፈለጋል? እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው አመሰገኑ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ልጄ» አሉኝ።

ልጄ! ይህችን ቃል ምን ያህል ስጠብቃት እንደኖርኩ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። የዚያን ዕለት እግሬን ቆርጠው ቢወስዱትም ቅር አይለኝም ነበር። በዚያ ላይ ሐኪም ቤት የሰጡኝ ማስታገሻ እየሠራ ስለነበር ሕመሙም እውነት የጠፋ መሰለኝ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምስክርነት እንድሰጥ መድረክ ላይ ተጠራሁ። እማማ አስካለ ፊልሙን እንድይዝ አስታውሰውኝ ስለነበር ይዤ ወጣሁ። እንደተጸለየልኝ፣ ራጅ ስነሳም ስብራት እንዳልተገኘ ተናገርኩና ፊልሙን ከፍ አድርጌ አሳየሁ። ከኋላ ለተቀመጠው ሰው ጥቁር ላስቲክ ይዤ የቆምኩ ከመምሰል በቀር አንዳች ነገር አይታየውም፤ ቢሆንም አዳራሹ በሃሌሉያ ተናወጠ። መዘምራኑ ወዲያው ፈጣን መዝሙር አነሱ። እንዲህ ያለው መዝሙር ሲነሳ እኛ ጋ ተቆሞ አይዘመርም፣ ይዘለላል። የዳነ ሰው ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ መዝለል አለበት።

ዘለልኩ። ቀኝ እግሬ መሬቱን ሲነካ ሕመሙ እስከ ራስ ቅሌ ድረስ ወጣና እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ከፊት ያሉት እንባዬን አዩና ደስታው ገንፍሎብኝ መሰላቸው፤ መዝሙሩን ከፍ አደረጉት። መዝሙሩ ከፍ ሲል ይበልጥ መዝለል ግድ ሆነብኝ፤ ይበልጥ ስዘል ይበልጥ አለቀስኩ፤ ይበልጥ ሳለቅስ እነሱ ከበሮውን ጨመሩበት። ማን መጀመሪያ እንደሚያቆም የምንፎካከር ይመስል ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በመሐል መብራት ጠፋና የኪቦርዱ ድምፅ ሲቋረጥ ተረፍኩ።

እውነቱን የተረዳሁት ያን ቀን ነው፤ እግሬ አልዳነም። ሄጄ ለእማማ አስካለ መንገር ነበረብኝ። ግን እንዴት አድርጌ? ሴትዮዋ ለዘመድ ሁሉ ደውለው ተናግረዋል። ጾመውልኛል። ልጄ ብለውኛል። አሁን ተነስቼ እግሬ ያመኛል ብል ጸሎታቸውን መናቅ መሰለኝ፤ «የማርታ ባል» ወደ መባልም መመለስ አለ። ስለዚህ ቤቴ ውስጥ እያነከስኩ፣ ደጅ ስወጣ ቀጥ ብዬ መሄድ ጀመርኩ። ማርታ በጣም ተናደደችብኝ። ለእናቷ ወይ አንተ ትነግራለህ ወይ እኔ እነግራለሁ ብላ ብዙ ጊዜ አስጠነቀቀችኝ፤ እኔም ዛሬ ነገ እያልኩ ለመንኳት።

ቀጥ ብሎ መሄድ እንዲህ አድካሚ ነገር መሆኑን የሚያውቅ የታመመ ሰው ብቻ ነው። ግን ዘዴ አገኘሁ። የእኛ አገር ሰላምታ ረጅም በመሆኑ ፈጣሪን አመሰግናለሁ። ሕመሙ ሲበረታብኝ ካገኘሁት ሰው ጋር ቆሜ ሰላምታ እጀምራለሁ፤ እግሬ እስኪያርፍ አላቆምም። ልጆቹን በየስማቸው እጠይቃለሁ፣ ወላጆቹን እጠይቃለሁ፣ ቢስቲማ ያሉ አክስቱን እጠይቃለሁ፣ አክስቱ ያረቧትን ላም ሳይቀር እጠይቃለሁ። ሰውየው ሊሄድ ሲል እጁን ይዤ ከላይ እደግመዋለሁ። ብዙም ሳይቆይ በከተማው ውስጥ ትሕትናዬ መወራት ጀመረ። እኔ ጥቂት ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰው አክብሬ እቆማለሁና! ደሴ የተመለሱት እማማ አስካለም ሰምተው እግዚአብሔር እግሩን ብቻ ሳይሆን ልቡንም ዳሰሰው ብለው ተደሰቱ። ሰይድ ብቻ አልተሸወደም። ባጃጁ ላይ ስወጣ በመስታወቱ እያየኝ፣ የዳነ እግር በእጅ ተነስቶ ነው እንዴ የሚገባው ብሎ ጠየቀኝ። ልማድ ነው አልኩት።

እንዲህ እያልኩ የምኖር መስሎኝ ሳለ አንድ ቀን ታደሰ የሚባል ሰው ከደጋን መጣ። ምስክርነቴን ከዘመዱ ሰምቶ ነው። እግሩን ከሞተር ወድቆ ተሰብሮ ብረት ገብቶለት ነበር፤ በክራንች እየዘለለ ሱቄ ገባና ብረቱ ያለበትን ቦታ አሳየኝ። እብጠቱ ደስ አይልም። ደሴ ሆስፒታል ቀጠሮ እንዳለው፣ ግን የእኔን ነገር ከሰማ ወዲህ ላለመሄድ መወሰኑን ነገረኝ። የመጣው እንድጸልይለት ነው።

እጄ ላይ የነበረውን ሱሪ አስቀመጥኩት። በዕድሜዬ እንደዚያን ቀን ደንግጬ አላውቅም። የራሴ እግር ቢሰበርም የእኔው ነው፤ የዚህ ሰው እግር ግን በእኔ ወሬ ሊጠፋ ነው። ቀጠሮህን እንዳትዘልል አልኩት።

«አንተስ መቼ ታከምክ?» አለኝ።

ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ ቅልጥሜን አሳየሁት፤ ቦታው ጎላ ብሎ አብጧል። እንደሚያመኝ ነገርኩት። ከቤት ውጪ እውነቱን የነገርኩት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው፤ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። ሰውየው ይቆጣኛል ስል ትከሻዬን መታ መታ አደረገና በል አብረን እንሄዳለን አለኝ። ይህን ሰው ማመስገን አለብኝ፤ ተራ ስታስይዙ እንዳትረሱብኝ።

በቀጠሮው ቀን ሁለታችን በሚኒባስ ደሴ ወጣን። እሱ ወደ ሆስፒታሉ ሄደ፣ እኔ ማርታ አጠያይቃ ወዳገኘችልኝ ምርመራ ቤት። ራጅ ላይ ያልታየውን የሚያሳይ ኤም አር አይ የሚባል ማሽን አለ ተብያለሁ። ችግሩ ምርመራ ቤቱ ያለው ፒያሳ አካባቢ ነው፤ ፒያሳ ደግሞ እማማ አስካለ የማያውቁት ሰው፣ እሳቸውን የማያውቅ ሰውም የለም። የኮቴን ኮሌታ አቁሜ፣ አፌን በሻርፕ ሸፍኜ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ሄድኩ። የደሴ ብርድ አግዞኛል፤ ማንም እንዲህ ተሸፋፍኖ ቢሄድ አይገርምም። እያነከሰ ግድግዳ ለግድግዳ የሚሄድ የተሸፋፈነ ሰው ግን ይገርማል፤ እኔ ይህን አላሰብኩትም።

የማሽኑ ባለሙያ ወጣት ነው፤ ትዕግሥቱ ግን የሽማግሌ ነው። ማሽኑ ኃይለኛ ማግኔት ስለሆነ ብረት ይዤ መግባት እንደማልችል አስረዳኝ። ስልኬን፣ ቀበቶዬን፣ ቁልፌን አስረከብኩ። ሌላ ብረት አለ ወይ ሲለኝ በሙሉ ልብ የለም አልኩ። መፈተሻውን አንገቴ ጋ ሲያደርሰው ጮኸ፤ ኮሌታዬ ሥር ስፒል ተገኘ። ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ሌላ የለም አልኩ። ደረቴ ጋ ጮኸ፤ ክር የተሰካባት መርፌ። እጅጌዬ ጋ ጮኸ። የሱሪዬ ጠርዝ ጋ ጮኸ። ልብስ ሰፊ መርፌ የሚያስቀምጠው ሌላ ቦታ ሳይሆን ራሱ ላይ መሆኑን እኔም ያን ቀን ነው የተረዳሁት። ባለሙያው በመጨረሻ መፈተሹን ትቶ ልብሴን በሙሉ አስወለቀኝና የእነሱን ሰፊ ቀሚስ አለበሰኝ። ብብቱ ላይ ስፌቱ ተፈትቷል። እጄ በላኝ፤ መርፌዎቼን ግን ወስዶብኛል።

እግሬን አስቀድሞ አስገባኝ። እንዳልነቃነቅ አጥብቆ አስጠንቅቆኝ ወጣ። ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ የወፍጮ ቤት ድምፅ አሰማ፤ ቆየት ብሎ ግን ተከታታይ፣ እኩል እኩል የሚመታ፣ ጠ-ጠ-ጠ-ጠ የሚል ድምፅ ሆነ። ይህን ድምፅ የት ነው የማውቀው እያልኩ ሳስብ ከወዲያ በኩል ድምፅ ማጉያው ተናገረ፤ እባክዎ እግርዎን አያንቀሳቅሱ አለ። አላንቀሳቀስኩም ልል ስል ወደ ታች አየሁ፤ ቀኝ እግሬ ይረግጣል። ድምፁን ሲሰማ የመኪናዬ መስሎት ሥራ ጀምሯል። ፎቶው ተበላሸና እንደገና ተጀመረ። እንደገና ረገጥኩ። ሦስተኛ ላይ ልጁ ገብቶ እግሬን ዙሪያውን በትራስ ወጥሮ በማሰሪያ አሰረልኝ። እንደዚህ ዓይነት ታማሚ ገጥሞት ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት። እየሳቀ የለም አለኝ፤ እንዲህ ሲስቅ ልቤ ተረጋጋ።

ታስሬ ተጋድሜ ሳለሁ ጸለይኩ። እስከዚያ ቀን የምጸልየው ስለ ዳነው እግሬ እያመሰገንኩ ነበር፤ በሰው ፊት የጀመርኩትን ብቻዬን ስሆንም ቀጥዬበት ነበር። ያን ጊዜ ግን እግሬን አሞኛል አልኩ። ይህን በመናገሬ ብቻ ደረቴ ቀለለኝ፤ ለመተንፈሻ ያህል ቦታ አገኘሁ።

ዶክተሯ ውጤቱን ኮምፒውተሩ ላይ አሳየችኝ። አጥንቴ ውስጥ ሊታይ የማይገባው ነጭ ደመና ተኝቷል፤ በመሐሉ ፀጉር የምታክል መስመር አለች። ደጋግሞ ጫና ሲበዛበት አጥንት እንዲህ እንደሚሰነጠቅ፣ ራጅ ላይ መጀመሪያ ላይ አለመታየቱም የተለመደ መሆኑን ነገረችኝ። ሥራዬን ስነግራት የሚገባኝን ምሳሌ ፈለገች፤ ብዙ የተለበሰ ሱሪ ከመቀደዱ በፊት ክሩ እንደሚሳሳ አለችኝ። ይህን እኔ ለደንበኛ በቀን ስንቴ እላለሁ! በቅርቡ የዘለልኩት ወይም የወደቅሁት ነገር እንዳለ ጠየቀችኝ። መዝለልስ ዘልያለሁ፣ ግን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው አልኳት።

«በጊዜ መጥተዋል» አለችኝ። «አልተሰበረም። እንዲሁ ቢቀጥሉበት ግን ለሁለት ይከፈል ነበር። አሁን ካሳረፉት ይድናል።»

ይድናል! ሩጫ የለም፣ መርገጥ የለም፣ ለተወሰኑ ሳምንታት ክራንች። ሌላ ሰው ቢሆን ያዝን ይሆናል፤ እኔ የዶክተሯን እጅ ይዤ አልለቅ አልኩ። እንጀራዬ አልተበጠሰም። የሰው ልጅ በቆዳ የተሸፈነን ነገር ገልጦ ሳያደማ የሚያይበት ማሽን በመሥራቱ፣ ያ ማሽን ደሴ ድረስ በመምጣቱ፣ እኔም መርፌዎቼን አራግፌ ልገባበት በመቻሌ አመሰገንኩ። አሁንም ሳወራው ዓይኔ እንባ ያቀርራል።

የሰጡኝን ክራንች እየተለማመድኩ ወደ መጠበቂያው ስወጣ ጥግ ላይ፣ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ እማማ አስካለ ተቀምጠዋል።

ፒያሳ ላይ ያየኝ ሰው ደውሎላቸዋል። የማርታ ባል፣ ሌባ መስሎ፣ እያነከሰ ምርመራ ቤት ገባ ብሎ። ልሸሽ አልችልም፤ በክራንች ማን ይሸሻል? ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«እማማ» አልኩ፤ «እግሬ አልዳነም። መድረክ ላይ የተናገርኩ ጊዜ የዳነ መስሎኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን እያወቅሁ ዝም አልኩ። እርስዎን ማሳዘን አቃተኝ።»

«አውቃለሁ» አሉ።

ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ስትዘል ያለቀስከውን እንባ አይቼዋለሁ። ሰው የደስታ ነው አለ። እኔ ግን እንባውን ለየሁት፤ እኔም አልቅሼዋለሁ።»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ። ማርታ ልጅ ሳለች ጉልበታቸውን ያማቸው ነበር። ተጸልዮላቸው ሕመሙ ለቀቃቸው፤ እሳቸውም በሞላ አዳራሽ ፊት መሰከሩ። ከጊዜ በኋላ ሕመሙ ተመለሰ። እሳቸው ግን ተመለሰ ብለው ለማንም አልተናገሩም፤ የሰው እምነት እንዳይደክም፣ እግዚአብሔርንም እንዳያሳፍሩ ፈርተው። እነሆ ማርታ አድጋ፣ አግብታ፣ እሳቸው ሸምግለው፣ እስካሁን ሐኪም አላዩም። የእኔን ማነከስ ወደ ደሴ ሳይመለሱ፣ ገና በመጀመሪያው ሳምንት እኛ ቤት በጨረፍታ ቢያዩትም የራሳቸውን ምስጢር ያዩ ያህል ሆኖባቸው እንዴት ብለው እንደሚጠይቁኝ አጡ። እኔ እሳቸውን እንዳላሳፍር ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ፤ እሳቸው እኔን እንዳያሳፍሩ ማነከሴን እንዳላዩ ይሆናሉ።

ለእኔ እግር የጾሙትና ያለቀሱት በዚያ ጉልበታቸው ተንበርክከው ነው። ስንት ሌሊት በዚያ ጉልበት፣ ለስንቱ ሰው ተንበርክከዋል? እጃቸውን ይዤ ሳምኩት። ያን ቀን ካመሰገንኳቸው ሁሉ ይህን ያህል ከልቤ ያመሰገንኩት የለም።

የኋላውን እዚሁ ላይ በአጭሩ ልንገራችሁና እንመለስ። እግሬ ድኗል፤ መኪናዬን እረግጣለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ነርሷ እንዳለችው እሄዳለሁ፣ አልሮጥም። የታደሰም እግር በጊዜ ታክሞ ተርፎለታል። ለፓስተራችን ሁሉንም ስነግረው ብዙ ከሳቀ በኋላ ምስክርነቴ ስህተት እንዳልነበረ፣ ትንሽ እንደቸኮለ ብቻ ነገረኝና እንደገና መድረክ ላይ አወጣኝ። ስለ ጸሎቱም ስለ ዶክተሯም አመሰገንኩ። አልዘለልኩም።

እዚያ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ታዲያ እማማ አስካለ ክራንቼን በእጃቸው ዳሰስ አደረጉት።

«እንዲያው እነዚህ ሰዎች» አሉኝ፣ «የሚያነሱት ቅልጥም ብቻ ነው፣ ወይስ ጉልበትም ያነሳሉ?»

ያነሳሉ አልኳቸው። ዶክተሯ ዘንድ ይዣቸው ገባሁ፤ ነካክታ አየቻቸውና ለመጀመሪያ ራጅ ይበቃል ብላ ወረቀት ጻፈችላቸው። የራጁ ክፍል በር ላይ ሄደን ተራ ያዝን። ክፍሉ በሰው ሞልቷል፤ ከዚያ መሐል እሳቸውን የሚያውቁ እንዳሉ ተነስተው ሰላም ሲሏቸው አይቻለሁ። ከጎኔ ሆነው የነጠላቸውን ጫፍ እየጠቀለሉ ይፈቱታል። ሐሳባቸውን ቀይረው ተነስተው ይሄዱ ይሆን ብዬ ፈራሁ።

በሩ ተከፈተና አንዲት ባለሙያ ወጣች። ወደ እኛ አየች፤ ክራንች የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ ታማሚው እርስዎ ነዎት ወይ አለችኝ። አፌን ሳልከፍት እማማ አስካለ ትከሻዬን ተደግፈው ብድግ አሉ።

«አይደለም፣ እኔ ነኝ» አሉ፤ በጸሎት ጊዜ አዳራሽ በሚሞላው በዚያ ድምፃቸው። «ጉልበቴን ያመኛል።»